ድዋርፍ ፎርትረስ፦ ዶማ፣ መጥረቢያና መስፍ ያጣ ምሽግ እንዴት ይድናል?

ድዋርፍ ፎርትረስ ድዋርፍ የሚባሉ አጫጭር ሰዎችን እያዘዙ ምሽግ የሚገነቡበት የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። አንድ ተጫዋች የላከው ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው፦ «አቦ፣ ከድሬዳዋ ከዚራ ነኝ። ድዋርፍ ፎርትረስን በስቲም እጫወታለሁ። ምሽጌ የመጀመሪያ ዓመቱ ላይ ነው፤ ወሩ ማላካይት ነው። ሁለት ዶማና አንድ መጥረቢያ ይዤ ነበር የጀመርኩት። አንዱ ቆፋሪ ዶማውን እንደያዘ ኩሬ ገብቶ ሰጠመ። ሁለተኛው ዶማ የት እንደገባ አላውቅም። እንጨት ቆራጩ ከአውሬ ሸሽቶ ዛፍ ላይ ወጣ፣ መጥረቢያው በእጁ ነው፣ አይወርድም። መስፍ (ብረት የሚቀጠቀጥበትን) ከመጀመሪያውም አልያዝኩም። የመጣንበት ጋሪ አሁንም እንደቆመ ነው። አዲስ ልጀምር ወይስ መውጫ አለው?»

መውጫ አለው፤ አዲስ አትጀምር። አሁኑኑ ጨዋታውን አቁመው። ጊዜው ከቆመ የሚጠፋብህ ነገር የለም፤ ከሄደ ግን ዛፍ ላይ ያለው ሰው በውሃ ጥም ይሞትብሃል። ከዶማው በፊት እሱ ነው የሚቀድመው። መጥረቢያው ሲመለስ የቀረው ሥራ ግማሹ ይቀላል፣ ምክንያቱም ከዚህ በታች የምዘረዝረው ሁሉ የሚሠራው በእንጨት ነው።

ጨዋታው እንደቆመ ሁለተኛውን ዶማ ፈልግ። ብዙ ጀማሪ ዶማ «መገልገያ» ነው ብሎ በስቶክስ ዝርዝር ውስጥ ቱልስ የሚለውን ይከፍታል፤ እዚያ የሚያገኘው የእጅ ጋሪ፣ የማዕድን ጋሪ፣ ማሰሮ ነው። ዶማ በዚህ ጨዋታ የሚመደበው ከጦር መሣሪያ ጋር ነው፤ መጥረቢያም እንደዚያው። ዌፐንስ የሚለውን ክፈትና ዶማውን ፈልገህ ማጉያ መነጽሯን ተጫን፤ ካሜራው ዶማው ያለበት ቦታ ድረስ ይወስድሃል። መስፍ ደግሞ ለብቻው የራሱ ረድፍ አለው።

ዶማው በዝርዝሩ ካለ ጠፍቶ አይደለም፤ አንድ ነገር ይዞታል። መጀመሪያ የክልከላ ምልክት እንዳለበት እይ። የሞተ ሰው ዕቃ ወዲያው እንዲከለከል የሚያደርግ ቋሚ ትእዛዝ አለ፤ ሌበር ውስጥ ስታንዲንግ ኦርደርስ የሚለው ገጽ ላይ ታገኘዋለህ። ትእዛዙ በርቶ ከሆነ ዶማው መሬት ላይ እያየኸው ማንም አይነካውም። ምልክቱን አንሳለት፣ ይበቃል። ዶማው በሌላ ሰው እጅ ከሆነ የዚያን ሰው የዕቃ ገጽ ክፈት። በቆፋሪዎች ምድብ ውስጥ ሳታስተውል ሌላ ሰው አስገብተህ ከሆነ፣ ያልጠበቅኸው ሰው አንስቶት እንቅልፉን ይተኛ ይሆናል። የጦር ቡድን አቋቁመህ መሣሪያውን ለወታደሩ ምርጫ ከተውክም፣ ዶማ በዚህ ጨዋታ የሚዋጉበት ዕቃ ስለሆነ ሊወስደው ይችላል። ሦስተኛው ምክንያት ክልል ነው፤ ሰዎችህን በሮው (ከሱ እንዳይወጡ የሚወሰን ክልል) ውስጥ አጥረህ ካስገባሃቸው፣ ከአጥሩ ውጭ የወደቀ ዶማ ለእነሱ እንደሌለ ይቆጠራል።

በዝርዝሩ ከሌለ የማስታወቂያውን መዝገብ ወደ ኋላ አንብብ። ኪያ የሚባሉ በቀቀኖች ከምሽጉ ዕቃ ይሰርቃሉ፣ ክብደትም አይመርጡም። የሐረር ሥጋ ገበያ ጭልፊት ከሰው እጅ ሥጋ ነጥቆ ሲሄድ ያየ ሰው የሚሆነውን ያውቀዋል። ወፏ ከካርታው ጠርዝ ሳታልፍ ከተገደለች ዕቃው ባለችበት ይወድቃል፤ ካለፈች ግን ያ ዶማ ሄዷል፣ አትጠብቀው።

አንድ ቀላል ነገር ደግሞ አለ፣ ብዙ ሰው አያስበውም። ቆፋሪው በሕይወት ኖሮ ራሱ በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ተዘግቶ ከሆነ፣ አጠገቡ ያለውን ግድግዳ ራምፕ (ተዳፋት) እንዲሆን ምልክት አድርግለት። ዶማው በእጁ ስለሆነ ራሱ ቆፍሮ ይወጣል።

አሁን ወደ ጋሪው እንምጣ፤ የጉዳይህ ቁልፍ ያለው እዚያ ነው። ጋሪው ሲፈርስ ሦስት ግንድ ይሰጣል። ውስጡ ያለው ዕቃ መሬት ላይ ይቀራል እንጂ አይጠፋም። እነዚህ ሦስት ግንዶች ናቸው ምሽግህን የሚያድኑት፣ ስለዚህ በአልጋና በበር እንዳታባክናቸው። አንዱን ለአናጢ ወርክሾፕ ሥራበት። በሁለተኛው ወርክሾፑ ውስጥ የመለማመጃ መጥረቢያ እዘዝ። ይህ ከእንጨት የሚሠራ፣ ወታደር እንዲለማመድበት የታሰበ መጥረቢያ ነው፤ ነገር ግን ጨዋታው ዛፍ ለመቁረጥ ልክ እንደ ብረቱ ይቀበለዋል። ሌላ ሰው በእንጨት ቆራጮች ምድብ ውስጥ አስገባ፤ ቆፋሪ ወይም አዳኝ ሆኖ የተመደበ አይሁን፣ ሦስቱ ሥራዎች የየራሳቸውን መሣሪያ ስለሚያስይዙ በአንድ ሰው ላይ አብረው አይሄዱም። መጥረቢያውን ራሱ ሄዶ ያነሳል። ሦስተኛው ግንድ በእጅህ ይቆይ።

ከመጀመሪያው ዛፍ ብቻ ብዙ ግንድ ስለሚገኝ ከዚያ በኋላ የእንጨት ችግር የለብህም። ዛፍ ላይ ያለውን ሰው ለማውረድ ሁለት መንገድ አለ። ዛፉን መቁረጥ ፈጣኑ ነው፤ ሰውየው ግን ከዛፉ ጋር አብሮ ይወድቃል፣ ከፍ ብሎ ከሆነ አጥንቱ ሊሰበር ይችላል። አንድ ወይም ሁለት ደርብ ብቻ ከፍ ብሎ ከሆነ አጠገቡ ድረስ በግንድ ደረጃ አሠራለት፤ ከመሬቱ ደርብ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ደርብ አንድ ግንድ ይበቃል። «ጠምቶታል» የሚል ምልክት ካየህበት ግን ደረጃ ስትሠራ አትቆይ፣ ዛፉን ቁረጥ። የተሰበረ እግር ይድናል።

ካርታህ በረሃ ሆኖ ዛፍ ባይኖርበት ምክሬ ይለወጥ ነበር። የንግድ ዲፖ ለመሥራት የሚያስፈልገው ሦስት የግንባታ ዕቃ ነው፤ የጋሪው ሦስት ግንድ ደግሞ ልክ ያን ያህል ነው። ዛፍ በሌለበት ካርታ የጋሪውን ግንድ ለመጥረቢያ ማዋል ሲራራ የሚያርፍበትን ቦታ ማጥፋት ነው። አንተ ግን ሰው የወጣበት ዛፍ አለህ፣ ስለዚህ መጥረቢያው ይቅደም።

ኩሬ ውስጥ ያለው ዶማ ትዕግሥት ይጠይቃል። ጨዋታው የውሃን ጥልቀት ከ1 እስከ 7 ይለካል። 4 እና ከዚያ በላይ የሆነበት ቦታ ሰዎችህ ለሥራ አይገቡም፤ ስለዚህ ዕቃው ከታች እየታየ «ሊደረስበት አይችልም» የሚል መልእክት ይደጋገማል። ወንዝና ጅረት ከካርታው ጠርዝ ስለሚመገቡ በፓምፕ አይደርቁም። ኩሬ ግን የተወሰነ ውሃ ነው፣ ይደርቃል። በሞቃት አገር ካርታ ደግሞ በሰመር ራሱ እየተነነ ይጎድላል፤ የደቻቱን ወንዝ ደረቅ አሸዋ ለሚያይ የድሬ ልጅ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ጥልቀቱን በየቀኑ ተመልከት፤ 3 ከደረሰ ፓምፕ ሳትሠራ ሰው ገብቶ ያወጣዋል። በብርድ አገር ካርታ ግን ዊንተርን አትጠብቅ። ውሃው ወደ በረዶ ሲለወጥ ዕቃው በበረዶው ግድግዳ ውስጥ ይታሰራል፤ በረዶ የሚፈለፍለው ደግሞ ያው ያጣኸው ዶማ ነው።

ፓምፑ ሦስት ክፍል አለው፦ አንድ ብሎክ፣ አንድ ትልቅ ጠመዝማዛ፣ አንድ ቱቦ። ሦስቱንም አናጢው ከእንጨት ይሠራል፤ ብረት አያስፈልግም። ፓምፑ ሁለት ካሬ ቦታ ይይዛል፤ አንዱ ጫፉ ይስባል፣ ሌላው ይተፋል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። የሚስበው ጫፍ ውሃ የሚወስደው ከፊቱ ካለው ካሬ አንድ ደርብ ዝቅ ብሎ ነው፤ የሚተፋው ግን ራሱ ባለበት ደርብ ነው። ስለዚህ ፓምፑን ውሃው ባለበት ደርብ ሳይሆን ከላይ መሬቱ ላይ፣ ልክ በኩሬው አፍ አስቀምጠው፤ የሚስበው ጫፍ ወደ ኩሬው፣ የሚተፋው ወደ ሜዳው ይዙር። አቅጣጫውን የምትመርጠው ከመሠራቱ በፊት ነው። ተገልብጦ ከተሠራ ማፍረስና እንደገና መትከል ብቻ ነው መፍትሔው። ከዚያ ፓምፑን ተጭነህ በሰው ጉልበት እንዲሠራ እዘዝ።

የተተፋው ውሃ መሬት ላይ ተበትኖ ስስ ሲሆን ይተናል። ዞሮ ወደ ኩሬው እንዳይመለስ በኩሬው አፍ ላይ አራት አምስት ካሬ የእንጨት ግድግዳ ብታቆም ይጠቅማል። ዝናብ ሲመጣ ኩሬው ስለሚሞላ በደረቅ ቀን ጀምረህ ሳታቋርጥ ጨርስ። ኩሬዎች አብዛኛውን ጊዜ በጠርዛቸው ተዳፋት አላቸው፣ ውሃው ሲጎድል ሰዎች በዚያ ይወርዳሉ፤ ተዳፋት ከሌለ ከላይ ጀምረህ በግንድ ደረጃ አውርድ። ውሃው ሲጎድል የዶማውን ክልከላ ማንሳት አትርሳ፤ ይህን ሁሉ ለፍተው ክልከላው ሳይነሳ ኩሬው ተመልሶ የሞላባቸው አሉ።

ሬሳውንም አብረህ አውጣ። ያልተቀበረ ሰው በዚህ ጨዋታ መንፈስ ሆኖ ይመለሳል፣ ሰዎችህንም ያስጨንቃል። ሬሳው ከተገኘ አናጢው የሚሠራው የእንጨት ሣጥን ይበቃል። ካልተገኘ ስሙ የተቀረጸበት የድንጋይ ጽላት ያስፈልጋል፤ ለዚያ ድንጋይ ያስፈልግሃል።

ዶማው የወደቀው ማግማ ውስጥ ቢሆን ኖሮ አጭር ነው መልሱ። የማግማ ሙቀት በጨዋታው መለኪያ 12000 ነው፤ መዳብ 11952 ላይ ይቀልጣል፣ ስለዚህ የመዳብ ዶማ የለም ማለት ነው። ብረት 12768 ስለሆነ አይቀልጥም፣ ግን ሰው ገብቶ አያወጣውም።

ኩሬው ባይሳካ እንኳ ሲራራው በመንገድ ላይ ነው። የጨዋታው ወቅቶች ከእኛ በጋና ክረምት ጋር ስለማይገጥሙ በራሳቸው ስም ልጥራቸው፤ ስፕሪንግ፣ ሰመር፣ ኦተም፣ ዊንተር፣ እያንዳንዳቸው ሦስት ወር፣ ወሩ 28 ቀን። ማላካይት የሰመር መካከለኛ ወር ነው፤ ከእሱ በኋላ ጋሊና፣ ከዚያ ኦተም በላይምስቶን ይጀምራል። የድዋርፎቹ ሲራራ የሚመጣው በኦተም ነው፤ ኦተም እስኪጀምር ቢበዛ ሁለት ወር አለህ። ዶማ ከማንም በላይ የምትጠብቀው ከእነሱ ነው። በስፕሪንግ የሚመጡት ኤልፎች የብረት መሣሪያ ይዘው አይመጡም፣ ከተቆረጠ ዛፍ የተሠራ ነገር ስታቀርብላቸውም ይቆጣሉ። በሰመር የሚመጡትን የሰው ልጅ ነጋዴዎች (ድዋርፍም ኤልፍም ያልሆኑትን) ጭነት ተመልከት እንጂ አትመካበት።

ዲፖውን አሁን ሥራ። 5 በ5 ካሬ ነው። የነጋዴዎቹ ጋሪ ከካርታው ጠርዝ እስከ ዲፖው 3 ካሬ ስፋት ያለው ያልተቋረጠ መንገድ ይፈልጋል፤ መሀል ላይ አንድ ዛፍ ወይም ቋጥኝ ቢኖር ጋሪው አይገባም። የጭነት እንስሳ ብቻ ይመጣል፣ ጭነቱም ያንሳል፤ ለአንተ ደግሞ የሚያስፈልግህ መስፍና ብረት፣ ማለትም ከባዱ ዕቃ ነው። ዲፖውን ምሽጉ ውስጥ ለመሸሸግ አትሞክር፣ ሜዳ ላይ ይሁን። ድሬዳዋ ራሷ ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ሲደርስ በጣቢያውና በዕቃ መጋዘኑ ዙሪያ ነው ከተማ የሆነችው፤ አንተም ለጊዜው ሕይወትህን በዲፖው ዙሪያ አድርገው።

በሹመት ገጹ ላይ ደላላ ሹም። የዋጋ ግምት ችሎታ ያለው ሰው ካለህ እሱን ምረጥ፤ ያ ችሎታ ከሌለው የዕቃው ዋጋ አይታይህም። ሲራራው ሲደርስ ደላላው ተኝቶ ወይም ሲበላ ከቆየ «ማንም ይነግድ» የሚለውን አብራ፣ ጊዜ አታባክን። የምትሸጠውን አስቀድመህ ወደ ዲፖው አስመጣ። ዶማ በሌለበት ምሽግ የሚሸጥ ነገር ሁለት ነው፦ ከግንድ የሚሠራ ጌጣ ጌጥ፣ እና የበሰለ ምግብ። የበሰለ ምግብ ጥሩ ዋጋ ያወጣል፤ አንድ ወጥ ቤትና አንድ የጌጥ ወርክሾፕ ከአሁን ጀምረው ሳይቋረጡ ይሥሩ። በዋጋ ላይ ቀፊራ ገበያ እንደሚደረገው ሳንቲም በሳንቲም አትከራከር። ነጋዴው ጥሩ ትርፍ እንዳገኘ ካየ ይስማማል፤ ጫፍ ላይ ያለ ዋጋ ደጋግመህ ካቀረብክ ትዕግሥቱ ያልቅና ንግዱ ይቋረጣል። የዶማውን ዋጋ አንድ ተኩል ወይም ሁለት እጥፍ ስጥ፤ ለዚህ አንድ ዕቃ አያስቆጭም።

ከጭነቱ ውስጥ የመዳብ ዶማ ካለ እሱን ግዛ። የጨዋታው የዋጋ ማባዣ ለመዳብ 2፣ ለነሐስ 5፣ ለብረት 10፣ ለአረብ ብረት 30 ነው፤ የአረብ ብረት ዶማ ከመዳቡ አሥራ አምስት እጥፍ ይበልጣል። የቁፋሮ ፍጥነት ደግሞ ከዶማው ብረትም ሆነ ከጥራቱ ጋር ግንኙነት የለውም፤ የሚወስነው የቆፋሪው ችሎታ ነው። ውድ ዶማ የሚጠቅመው ለሚዋጋበት ሰው ነው።

ዶማ ባይኖራቸውስ? ያኔ ራስህ ታስቀጠቅጣለህ፤ ለዚህ ነው መስፍ ሳታይ ሲራራውን አታሰናብት የምለው። ዶማ የሚሠራባቸው ብረቶች መዳብ፣ ነሐስ፣ ቢስመዝ ነሐስ፣ ብረት፣ አረብ ብረትና አዳማንታይን ናቸው። ብር ሰይፍ ይሆናል፣ ዶማ ግን አይሆንም፤ ድንጋይና እንጨትም አይሆኑም። ለአንድ ዶማ አንድ አሞሌ (ጨዋታው ባር የሚለውን ነው) እና አንድ ከሰል ይበቃል። ከሰሉን የእንጨት ምድጃ ከአንድ ግንድ አንድ ያወጣል፣ ሌላ ነዳጅ አይጠይቅም። አንጥረኛው ቤት የሚሠራው ከመስፉና እሳት ከማይበላው አንድ የግንባታ ዕቃ ነው። የእንጨት ምድጃውም እንዲሁ አንድ ይፈልጋል። ግንድ ለዚህ አይሆንም፤ ድንጋይ፣ የድንጋይ ብሎክ ወይም የብረት አሞሌ ይሆናል። ስትቆፍር የቆየህ ስለሆነ ድንጋይ መሬት ላይ ይኖርሃል። አንድ ድንጋይ ብቻ ቢኖርህም ይበቃል፤ በእሱ መጀመሪያ ምድጃውን ሥራ፣ የሚያስፈልግህን ከሰል ሁሉ አክስል፣ ምድጃውን አፍርስ፣ ድንጋዩ ሲመለስ በዚያው አንጥረኛ ቤቱን ሥራ። ድንጋይ ፈጽሞ ከሌለ ከሲራራው አንድ አሞሌ ጨምረህ ግዛ።

አሞሌ ሳይሆን ማዕድን ካለህ ማቅለጫ ይጨመራል። ከቆፈርከው ድንጋይ ውስጥ ማላካይት (የወሩ ስም የመጣው ከዚህ ማዕድን ነው) ወይም የተፈጥሮ መዳብ ካለ፣ አንዱ ድንጋይ በአንድ ከሰል 4 አሞሌ ይሰጣል። አራቱን ወደ አራት ዶማ ለመቀየር አራት ከሰል፤ በጠቅላላ አምስት ግንድ ማለት ነው። ማዕድንም አሞሌም ከሌለ ሲራራው የያዘውን ርካሽ የመዳብ መሣሪያ ግዛና እንዲቀልጥ ምልክት አድርግበት። እዚህ ላይ ተጠንቀቅ፦ አንድ ዕቃ ቀልጦ ሙሉ አሞሌ ላይወጣው ይችላል፣ ቁርጥራጩ ማቅለጫው ውስጥ እየተጠራቀመ ሙሉ ሲሆን ነው የሚወጣው። ሁሉንም በአንድ ማቅለጫ አቅልጥ፣ መሀል ላይም አታፍርሰው። እያንዳንዱ ዕቃ አንድ ከሰል ስለሚበላ ግንዱን አስቀድመህ ቁጠር።

ከሲራራው ጋር መልእክተኛ ይመጣና መሪህን ያነጋግራል። ለሚቀጥለው ዓመት ምን ይምጣላችሁ ሲል ዶማንና መስፍን ከፍ ባለ ደረጃ አስመዝግብ። ዋጋው ይጨምራል፣ ነገር ግን በሚቀጥለው ኦተም ይዘውልህ ይመጣሉ።

ይህ ሁሉ ሳይሆን ቢቀር ሁለት ነገር ይቀራል። ዲኤፍሃክ የተባለው ተጨማሪ ፕሮግራም ዕቃ የመፍጠሪያ መስኮት አለው፤ አንድ የመዳብ ዶማ ፈጥሮ መቀጠል የማንንም መብት አይነካም፣ ምሽጉ የአንተ ነው። ሌላው ምሽጉን ትቶ ያንኑ ቦታ መልሶ መያዝ ነው፤ አዲሱ ቡድን የራሱን የመነሻ ነጥብ ይዞ ስለሚመጣ ዶማ ይገዛበታል፣ የድሮው ዕቃ ግን በየቦታው ተበትኖ ታገኘዋለህ። ዲኤፍሃክን ከዚህ አስቀድማለሁ፤ በሕይወት ያሉ ሰዎችህ ምሽጉን እንደያዙ ይቆያሉና።

በሴቲንግ ውስጥ ራሱ እንዲያስቀምጥ የሚያደርገውን በየወቅቱ አድርገው፤ መብራት በሄደ ቁጥር ምሽግህን እንዳታጣ። ኩሬው ላይ ሥራ ከመጀመርህ በፊትም በእጅህ አስቀምጥና የሴቭ ፎልደሩን ገልብጠህ ሌላ ቦታ አኑር። በሚቀጥለው ምሽግ ስትነሳ ሦስት የመዳብ ዶማና አንድ መስፍ ያዝ፤ ሦስተኛውን ዶማ ገና ከጋሪው ሳይወርድ ክልከላ አድርግበት። አሁን ግን ጨዋታውን ከፍተህ መጀመሪያ ጋሪውን አስፈርስ፤ ዛፉ ላይ ያለው ሰው እየጠበቀ ነው።